ታምሜ ነበር፣ ሊንክ ላካችሁልኝ

በ2011 ክረምት ማብቂያ ላይ ድሬዳዋ የነበረ ሰው ቺኩንጉንያን አይረሳውም። ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። መጀመሪያ ትኩሳቱ ይጥልሃል። ለቀቀኝ ስትል መገጣጠሚያህን ይይዝሃል፤ ደጅ ለመውጣት ግድግዳ ተደግፈህ፣ እንደ ሽማግሌ ጎብጠህ ነው። ስሙም ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ይህንኑ መጉበጥ የሚያመለክት ነው። በዚያ ሰሞን ድሬ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። እኛ ግቢ አምስት ቤት ነው፣ አንዱንም አልዘለለም።

ስድስት ቀን ተኛሁ። ስልኬ ግን አልተኛም። ከደብራችን የቴሌግራም ግሩፕ በየጠዋቱ ስብከት ይመጣል። የድሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ "ይህን ስማው፣ ያጽናናሃል" እያሉ ሊንክ ይልካሉ። እህቴ ጴንጤ ናት፤ እሷ ደግሞ "እጅህን ስክሪኑ ላይ አድርግ" የሚል የፈውስ ፕሮግራም ላከችልኝ። አደረግሁ። ሞቃት ስክሪን ነው፣ ቻርጅ ላይ ስለነበር።

በዚያ ሁሉ ቀን በሩን ከፍቶ የገባው አንድ ሰው ነው። ጎረቤታችን፣ ሙስሊም እናት፣ ራሷም ገና ከበሽታው ያልተነሳች፣ በአንድ እጇ ወገቧን በሌላው ሾርባ ይዛ መጣች። "አብሽር፣ ልጄ" አለችኝና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብዙ አላወራችም፣ እሷንም ያማታል። (እናት የምታህልን ሴት "እሷ" ብዬ ስለጻፍኩ የሌላ አገር ሰው አይቆጣኝ። ድሬና ሐረር ላይ አንቱታ ብርቅ ነው።)

ደብሬን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማወራው። ከዳንኩ በኋላ እኔስ ማንን ጠየቅሁ? ሊንክ ግን ልኬያለሁ። ስለዚህ ክሱ ካለ እኔንም ይጨምራል።

አማርኛችን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። "ጠየቀ" የሚለው ግስ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጥያቄ ይጠየቃል፣ በሽተኛም ይጠየቃል። ሄደህ ከጎኑ ቁጭ ብለህ "እንዴት ዋልክ?" ማለት ራሱ መጠየቅ ነው፤ ሕመምተኛውን ሳታየው ልትጠይቀው አትችልም። ማቴዎስ 25 ላይ በመጨረሻው ቀን የሚነበበው ፍርድ በአማርኛ "ታምሜ ጠይቃችሁኛልና፥ ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋልና" ይላል። ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ላይ ንጹሕ አምልኮ ምን እንደሆነ ሲናገር ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው "መጠየቅ" ይለዋል። አምልኮ ብሎ ነው የጀመረው እንግዲህ። ከበሮ ወይም ጊታር፣ ቅኔ ወይም ዝማሬ ይከተላል ብለህ ስትጠብቅ የባልቴት ቤት ይከተላል።

በሁለቱም ቦታ ያለው የግሪክኛ ግስ አንድ ነው። ሉቃስ 1 ላይ ካህኑ ዘካርያስ እግዚአብሔር ሕዝቡን "ጎብኝቶ" ቤዛ አደረገለት ብሎ ሲያመሰግንም ያው ግስ ነው ያለው። ይባስ ብሎ "ኤጲስ ቆጶስ" የሚለው ማዕረግ ከዚሁ የቃል ቤተሰብ የወጣ ነው። ሄዶ የሚያይ፣ የሚቃኝ፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። እንግዲህ ጥየቃ ቤተ ክርስቲያን ጊዜ ሲተርፋት የምትሠራው የበጎ አድራጎት ሥራ ሳይሆን የአባቶቿ ማዕረግ የተሰየመበት ሥራ ነው።

አሁን ያለንበትን እንይ። ቺኩንጉንያው ከለቀቀን ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ኮሮና ገባ። የ2012 ሰሙነ ሕማማትና ፋሲካን ብዙ ምእመን ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ተከታተለ። በጊዜው ትክክል ነበር። የአምልኮ ቤቶች ካሜራ መግዛት፣ ላይቭ ማስተላለፍ፣ ዩቲዩብ ላይ መጫን በሰፊው የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ኮሮናው አለፈ፣ ካሜራው ቀረ። ዛሬ አንድ የድሬ ሰው ከቀፊራ ገበያ ሳቢያን በባጃጅ እስኪደርስ ሁለት ስብከት ሊሰማ ይችላል። አስራቱንም ሳይወርድ በቴሌብር ይከፍላል።

ይህን የማጣጥል እንዳይመስላችሁ። ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የድሬ ልጅ አስቡ። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማው ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ እሱን የሚንቅ ሰው እሷ ያለችበትን አያውቅም። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራውም እንደዚያው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስልኩ መሄድ ለማይችል ሰው ተብሎ ገባና መሄድ የሚችለውንም አስቀመጠው። ስብከት በስልክ በላክሁ ቁጥር የሄድኩ ያህል ይሰማኛል። አልሄድኩም።

ደግሞ ዝናው አለ። ሰባኪ ፖስተር ይወጣለታል፣ ፎቶው ባነር ላይ ይሰቀላል፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ሆቴል ይያዝለታል። ዘማሪም እንደዚያው። በሽተኛ አጠገብ አርባ ደቂቃ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ምን ፖስተር አለው? ቪዲዮ ቢቀረጽ ማንም አያየው፣ መቅረጹም ነውር ነው። (ለድሃ አምስት ሊትር ዘይት ሲሰጡ ካሜራ ፊት የሚያስፈግጓቸውን ሰዎች ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን፤ ደሜ ይፈላል።) ወጣቱ ይህን ያያል። "ማገልገል እፈልጋለሁ" ሲል ማይክ ማለቱ ነው። ጥፋቱ የወጣቱ አይመስለኝም፤ አገልግሎት ብለን ያሳየነው እሱን ብቻ ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሳለ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስን ቤተ መቅደስ ውስጥ በሐር አክብራችሁ ደጅ ላይ በብርድና በራቁትነት ሲጨነቅ አትለፉት ብሎ አስተምሯል። ከ1600 ዓመት በላይ ሆነው። ይህን ትምህርት ቢያንስ አስር ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አስሩንም በስልክ።

ቅድም ክሱ እኔንም ይጨምራል ያልኩት ለይሉኝታ አልነበረም፤ የራሴን ቤት ባነሳ የሚታየው ይህ ነው። ኦርቶዶክስ ውስጥ ጥየቃ የራሱ ሥርዓት አለው፣ ንስሐ አባት ይባላል። ሲታሰብ ድንቅ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ካህን አለው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ እሱ ያውቃል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ይጠራል። ሰው ሲታመም ይመጣል፣ ሲሞት ይፈታል። ለበሽተኛም ምሥጢረ ቀንዲል አለ፣ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ፣ መሠረቱም ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ላይ የታመመ የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት የሚለው ነው። ስንቶቻችን ቤት ተደርጎ አይተናል? እኔ በበኩሌ አንድም ቀን አላየሁም።

ችግሩ ገበታው ላይ ነው። ካህን ቤት ሲመጣ እንዲሁ አይሸኝም። ቢያንስ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሲወጣ እጁ ላይ የሚደረግ ነገር አለ። ማንም አያስገድድም፣ ግን ማንም አይቀርም። ባለ ሳሎኑ ይህን በደስታ ያደርገዋል። ገንደ ቆሬ አንድ ክፍል ተከራይቶ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጠፈው ግን ምን ያድርግ? አንዲት ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ንስሐ አባት አለሽ ወይ ብላት ሳቀችብኝ። "ቤት ስይዝ እይዛለሁ" አለች። እንደ ፍሪጅና ሶፋ ማለት ነው። ቀልዳለች፣ ግን አልቀለደችም። ጥየቃ በጣም የሚያስፈልገው ሰው፣ ከቤተሰቡ ርቆ፣ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው የሌለው ሰው፣ የሚያቀርበው ስለሌለው ብቻ ከሥርዓቱ ውጭ ይቀራል።

ካህኑንም አትፍረዱበት። የደብር ደመወዝ ከድሬ የቤት ኪራይ ጋር ሲተያይ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። የማውቃቸው አንድ አባት ከመቶ በላይ ቤት የንስሐ ልጆች አሏቸው። ግማሹ ቤት ቀይሯል፣ አንዳንዱ ጅቡቲ ነው፣ አንዳንዱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥቷል፤ የእሳቸው ጉልበት ደግሞ ከቺኩንጉንያው ወዲህ ደረጃ አይወድም። "አንዲት ባልቴት መንገድ ላይ አግኝታ 'አባ፣ ምነው ጠፋህ?' አለችኝ" ብለው ነገሩኝ። እሷ ቤት ለመድረስ ሁለት ባጃጅ መያዝ አለባቸው። የባጃጁን ሂሳብ የሚከፍላቸው የለም። ማይክና ስፒከር ሲገዛ ግን ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ገንዘቡም ይሞላል። በሁለት እሑድ።

የወንጌላውያኑን ቤት እህቴ ስለምታውቀው ከእሷ ጋር እንከራከራለን። እነሱ ዘንድ ያለው ታሪክ ያስቀናኛል። ደርግ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስን አዳራሾች ዘጋ፣ መሪዎቿን አሰረ። ይህች ቤተ ክርስቲያን መነሻዋ የሜኖናይት ሚሲዮን ነው፤ ሚሲዮኑ እዚሁ ሐረርጌ ደደር ላይ ሐኪም ቤት ነበረው። በተዘጋችበት ጊዜ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። አዳራሽ የለም፣ ማይክ የለም፣ ባነር የለም። በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይገናኛሉ። ቤት ለቤት የሚያስተምሩትና የሚጠይቁት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አልፎ ወጣ።

እህቴ ይህን የምትተርከው "መንፈስ ቅዱስ ሠራ" ብላ ነው። እሺ፣ ይሁን። እኔ የምጨምረው አምስት ሰው ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ የአንዱ መቅረት ወዲያው ይታወቃል፣ የቀረው ምን ሆኖ ነው ተብሎ ይታያል የሚለውን ነው። ሁለት ሺህ ሰው በሚያጨበጭብበት ኮንፈረንስ ላይ ማን ቀረ ብሎ የሚቆጥር የለም። ዛሬ ነቢይ ነኝ የሚለው ሰው የማያውቀውን ሰው ስልክ ቁጥር በራእይ ሲጠራ አዳራሹ ይናወጣል። የምታውቀውን ሰው ቁጥር ደውለህ "ምነው ጠፋህ?" ማለት ግን ማንንም አያስጮህም። እህቴ እዚህ ጋ ተናደደችብኝ። ሁሉም እንደዚያ አይደለም አለች፤ እውነቷን ነው፣ አሁንም በትጋት የሚጠያየቁ የቤት ሕብረቶች አሉ።

ስለ ካቶሊኮቹ በአጭሩ። የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት ሐረር ላይ ሲታወሱ ብዙ ጊዜ የሚወራው አባ ዣሮሶ ልጅ ተፈሪን ማስተማራቸው ነው። ከግንቡ ማዶ ለለምጽ ሕሙማን ማረፊያ መሥራታቸው ግን ብዙም አይነሳም። ሰው ዓይኑን የሚያዞርበትን በሽተኛ ሄዶ ማየት ነበር ያ።

ድሬ ጥየቃ የማታውቅ ከተማ ሆና አይደለም እንግዲህ። እንዲያውም በጥየቃ የቆመች ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ነው የተወለደችው፤ ሁሉም ከሌላ ቦታ መጥቶ ነው የሰፈረው፣ ስለዚህ ዘመድህ ጎረቤትህ ነው። በ1998 ሐምሌ ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲበላ ማን የማን ሃይማኖት ነው ያለ አልነበረም። እዚህ ጎርፍ ሲመጣ ሁሉም ይጠይቃል። ስኳርና ደም ግፊት ግን ጎርፍ አይደሉም። ስትሮክ መትቶት ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ይሞላል፣ በሦስተኛው ወር ሚስቱ ብቻ ትቀራለች። እድሩም ሲሞት ነው ጥሩምባ የሚነፋው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን የምትደምቀው ፍትሐት ላይ ነው። ካህናቱ በሙሉ ይመጣሉ፣ ጥላው ይዘረጋል፣ ሰባኪውም ሟች ደግ ሰው እንደነበር ይናገራል። ደግነቱን ከማን ሰማ?

ደግሞ ከሰዓት በኋላ ድሬ የት እንዳለች ታውቃላችሁ። በርጫ ላይ ናት። መድረኩ ላይ ጫት ይወገዛል፣ ልክ ነው፣ ስንት ቤት አፍርሷል። ግን ወጣቱ እዚያ ሄዶ የሚያገኘው ቅጠሉን ብቻ አይደለም። አራት ሰዓት ሙሉ የሚያዳምጠው ሰው ያገኛል። (ምርቃና ሲመጣ ሁሉም ሰባኪ ነው፣ እሱን አልክድም።) ጫቱን ስናወግዝ ማዳመጡን የት ሄዶ እንዲያገኘው አስበናል?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የማይነገረውን ያህል ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ታሪክ ነው። ኢየሩሳሌም ላይ ስብከቱ ሰምሯል፣ ምእመኑ በዝቷል። ያኔ ማጉረምረም ተነሳ፣ ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች በዕለት ዕለቱ አገልግሎት ተዘንግተዋልና። ሐዋርያት ምን አደረጉ? ሰባት ሰዎች አስመረጡ፣ ጸለዩ፣ እጃቸውን ጫኑ። ለመበለት ምሳ እጅ ይጫናል! እስጢፋኖስ ራሱ ከዚያ ነው የወጣው። ዛሬ ዲያቆን ስንል ቅዳሴ ላይ ያለውን ብቻ እናስባለን፣ ቃሉ ግን አገልጋይ ማለት ነው፣ ሥራውም ከማዕድ ጋር የተያያዘ ነበር። ተራ ሥራ ስለሆነ ለፈለገው ሰው ይተው አላሉም። ሹመት ሰጡት፣ ማን እንደሚሠራው በስም ለዩ።

ከዚህ ተነስተን ሦስት ሆነን አንድ ነገር ሞከርን። ማኅበር አይደለም፣ ስም የለውም፣ ማኅተም የለውም። ሰፈራችን ውስጥ ከቤት የማይወጡ ሰዎችን በደብተር ጻፍን። ሐሙስ ሐሙስ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን። ደንቡ አንድ ነው፣ ምንም አይቀርብም። ቡናም ውሃም። አስቀድመን በስልክ እንናገራለን፣ ብናይ አንገባም እንላለን። ስብከትም የለም። የሚጠይቁን ካሉ እንጸልያለን። ካህን ሲፈለግ እኚያን አባት በባጃጅ እንወስዳቸዋለን፣ ሂሳቡን እናዋጣለን።

ጥሩ ሄደ ብዬ አልዋሽም። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዱ ባልደረባችን ሥራ ቀይሮ ሄደ። አንድ ቤት የበሽተኛው ልጆች "ልትለምኑበት ነው?" ብለው መለሱን። እኔም ሁለት ሐሙስ ዝም ብዬ ቀርቻለሁ፣ ሰበቤም ሙቀት ነበር፤ ድሬ ላይ ሙቀትን ሰበብ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ግን የምናገኘውም አለ። ከዚራ የሚኖር አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አለ፣ ልጆቹ ውጭ ናቸው፣ ስልክ ገዝተው ልከውለት ቀኑን ሙሉ ስብከት ይከፍታል። መጀመሪያ የሄድን ቀን ስብከቱን ሳይዘጋ ነበር የሚያወራን። ለካ የሚያዳምጠው ትምህርቱን አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ሽመንደፈር እንዴት እንደተቀጠረ ጀምሮ ስድስት ጣቢያ በስም እየጠራ አመሸን።

አሁን የተጨቃጨቅንበት አንድ ነገር አለ። ማቴዎስ 25 ላይ "ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ" የሚለው ማንን ነው? አንዳንድ ተርጓሚዎች ደቀ መዛሙርቱን ነው ይላሉ፤ ማቴዎስ 12 ላይ ጌታ ወንድሞቼ ያላቸው እነሱን ነው፣ ምዕራፍ 10 ላይም ከታናናሾቹ ለአንዱ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያጠጣ የተባለው ስለ ደቀ መዝሙር ነው። ሌሎች ደግሞ የተቸገረ ሰው ሁሉ ነው ይላሉ፣ እነ አፈወርቅም ደጅ ላይ የወደቀውን ድሃ ነው የሚያዩት። የመጀመሪያው ክርክር ቀላል አይደለም፣ ጽሑፉን ይዞ ነው የሚናገረው። ነገር ግን ፍርዱ የተጀመረው "አሕዛብም ሁሉ" ተሰብስበው ነው፣ ጻድቃኑም "መቼ አየንህ?" ብለው ነው የሚደነግጡት። የእኛ ወገን ነው ብለው ለይተው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል የሚደነግጡ አይመስለኝም።

በ1999ኙ ቆጠራ ድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ከአስር ሰው ሰባቱ ሙስሊም ነበር። ስለዚህ ይህ ጥያቄ እዚህ የሴሚናሪ ጥያቄ አይደለም፣ የግቢ ጥያቄ ነው። ባልደረባዬ "መጀመሪያ የራሳችንን እንጨርስ" ይላል። ደብተሩ ላይ አስራ አንድ ስም አለ፣ ሁሉም የክርስቲያን ስም። ሾርባ ያመጣችልኝ እናት ጉልበቷ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰላትም፣ አሁን ከደጃፍዋ አትርቅም። ባለፈው ሐሙስ ከጎኗ ያለውን ቤት ጠይቀን ስንወጣ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"እኔ ጋስ አትገቡም?" አለች።

ባልደረባዬ አየኝ። ገባን። ደንባችንን ልንነግራት አፋችንን ሳንከፍት ሻዩ ተቀዳ፣ ስኳሩ እንደ ድሬ ነው፣ ግማሽ ብርጭቆ። ጠጣን። ባልደረባዬ ሁለተኛም አስቀዳ።